የወንጂ ጉዳይ፦ ማኅበሩ ነበረ፣ ፓርቲው ግን አልተወለደም

በሠራተኛ ስም የተሰየመ ፓርቲ ኢትዮጵያን ገዝቷል። የደርግ ዘመኑ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ኢሠፓ፣ ነው። ከሠራተኛ ማኅበር ተነስቶ፣ በማኅበሩ መዋጮና በማኅበሩ ሰዎች አድጎ፣ አገር ያወቀው ፓርቲ ግን የለንም። ለምን?

ጥያቄውን በጅምላ ካነሳነው መልሱም ጅምላ ይሆናል። «ሕዝቡ ገበሬ ነው»፣ «ፋብሪካችን ጥቂት ነው»፣ «ፖለቲካችን ብሔር ነው» እንባባልና ቡናችንን ጠጥተን እንለያያለን። ስለዚህ አንድ ቦታ ልያዝ። ቦታው ወንጂ ነው። ከአዳማ ወደ ደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ቢኬድ አዋሽ ዳር ያለው የሸንኮራ አገዳ አገር። ብዙዎቻችን የምናውቃት በስኳሯና በደስታ ከረሜላ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ግን ያለ ወንጂ አይጻፍም።

ለመሞከሪያ እንዲሆነኝ አንድ የሌለ ፓርቲ ልፍጠር። ግራ ዘመም ነው። ሥሩ የወንጂ ሠራተኛ ማኅበር ነው። ጽሕፈት ቤቱ አዳማ ውስጥ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው እንበል። ስም አላወጣሁለትም። ፓርቲው ልብ ወለድ ነው፤ ቆሞ እንዲሄድበት የማዘጋጀው መሬት ግን እውነተኛ ነው። በየዘመኑ ይህ ፓርቲ ሊወለድ ይችል የነበረበትን ክፍተት እፈልጋለሁ። ከዚያ ክፍተቱን ማን እንደዘጋው አያለሁ።

ቀጣሪው ማዘጋጃ ቤትም ሲሆን

ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ስኳር የለመደው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነበር። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ አገር ፈለገ። ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር በ1943 ዓ.ም. ተስማማ። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። ሁለተኛው፣ ሸዋ የተባለው፣ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ተከተለ። መተሐራ በ1960ዎቹ መግቢያ መጣ። ወንጂ ሜዳ ከዚያ በፊት የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብት የሚያግዱበት ነበር። ስለ ወንጂ ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የሠራተኛው ታሪክ የጀመረው ሌላ ሰው ከቦታው በተነሳ ማግስት ነው።

ሠራተኛው ከየት መጣ? ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ፣ ከአካባቢው ኦሮሞ፣ ከሸዋ ከተሞች። አገዳ መቁረጥ ከባድ ሥራ ነው። ፀሐዩ አለ፤ ከመቆረጡ በፊት የሚቃጠለው አገዳ ጥላሸት አለ፤ ጭነቱ አለ። ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ መካኒኩ፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ የቦይለር ሠራተኛው፣ ጸሐፊው አለ። ከላይ የሆላንድ ሰዎች፣ መሀል ላይ የተማረው ኢትዮጵያዊ፣ ታች ካቦው፣ ከካቦው በታች ቆራጩ። የመኖሪያ ቤቱም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የተሠራው። ለአለቆች ግቢና ዛፍ ያለው ቪላ፣ ለሠራተኛው ካምፕ።

ለጉዳያችን ትልቁ ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ወንጂ ላይ ኩባንያው ደመወዝ ከፋይ ብቻ አልነበረም። ቤቱ የእሱ ነው። ክሊኒኩ የእሱ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ክበቡም፣ የሚጠጣው ውሃም የእሱ ነው። አዲስ አበባ ያለ የፋብሪካ ሠራተኛ ከአሠሪው ቢጣላ ማታ የሚገባው ወደ ተከራየው ቤት ነው። ወንጂ ላይ ከሥራ የወጣ ሰው ከቤቱም ይወጣል።

ውሃውን ለብቻ ላንሳው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የወንጂ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ያለፈ ነበራቸው። መጀመሪያ የሚታየው የልጆች ጥርስ ላይ ነው፤ ይቦረቡራል፣ ቡናማ ይሆናል። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጀርባ ይደርቃል፤ መገጣጠሚያ አልታጠፍ ይላል። ከወንጂ ነባር ሠራተኞች መካከል በዚህ የተጎዱ መኖራቸው በሕክምና ጥናት የተመዘገበው የዛሬ አምሳ ዓመት ገደማ ነው። ፍሎራይዱን የሚቀንሱ ማጣሪያዎችም ተተክለዋል።

እስቲ አስቡት። የውሃ ጥያቄ የደመወዝ ጥያቄ ነው ወይስ የፖለቲካ? ሌላ ከተማ ቢሆን ወደ ማዘጋጃ ቤት ይኬዳል። ወንጂ ላይ ወደ አሠሪው ነው የሚኬደው። ስለዚህ እዚያ የተቋቋመ ማኅበር ፈለገም አልፈለገም የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ውስጥ ይገባል። የኅብረት ስምምነት ድርድሩ ውስጥ ቤት፣ ውሃ፣ ሐኪም፣ ትምህርት ቤት ይነሳል። ይህ የአንድ ፓርቲ ፕሮግራም ግማሹ ነው። የወንጂ ሰው ይህን ከማንም መጽሐፍ መማር አላስፈለገውም።

በእድር ስም

የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ከመፈቀዱ በፊት ሰው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ድሬዳዋ ላይ የባቡር ሠራተኞች በ1930ዎቹ መጨረሻ ተደራጅተው ነበር፤ ተመቱ። ከዚያ በኋላ ብልሃቱ እድር ሆነ። በየፋብሪካው፣ ወንጂንም ጨምሮ፣ ሠራተኛው በመረዳጃ ስም ተሰበሰበ። እድርን ማን ይከለክላል? ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል ወንጀል አይደለም።

እኔ ግን እድሩን መደበቂያ ብቻ አድርጎ ማየቱ ያሳንሰዋል ባይ ነኝ። እድር ውስጥ ምን እንዳለ ቁጠሩ። የአባላት መዝገብ አለ። በየወሩ የማይቀር መዋጮ አለ። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። የቀረ ይቀጣል። ሒሳብ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ገንዘብ ያዡ ካጎደለ ይፋጠጣል። የሠራተኛ ማኅበር ለመምራት የሚያስፈልገው ችሎታ ከዚህ ብዙም አይለይም። የወንጂ ሰው ማኅበሩ ሲፈቀድለት ሥራውን ያውቀው ነበር።

ሕጉ ዘግይቶ መጣ። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሥራ ጉዳይ ማኅበር መመሥረትን በመርህ ፈቀደ። የሥራ ግንኙነት ድንጋጌው የወጣው ግን በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ ዕውቅና አገኘ። ሲጀምር 22 ማኅበራት ነበሩት። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን ከወንጂው የኤች ቪ ኤ ሠራተኞች ማኅበር የመጣ ሰው ነው። አዲስ አበባ ስንት ፋብሪካ ይዛ፣ ድሬዳዋ ባቡሯን ይዛ፣ መሪው ከአገዳው አገር መጣ። ከላይ ያልኩትን ካስታወሳችሁ አይገርምም።

ምናባዊው ፓርቲያችን እዚህ ጋ ሊወለድ ይችል ነበር? አይችልም። በንጉሡ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ተካሂዷል፤ ዕጩው ግን ለብቻው ነው የሚቀርበው። ዕጩ ለመሆን ደግሞ ንብረት ማሳየት ያስፈልጋል። በኩባንያ ቤት የሚኖር፣ የኩባንያ መሬት የሚቆርጥ ሰው ምን ንብረት ያሳያል? የወንጂ ሠራተኛ የሚወክለውን ሰው ከመካከሉ መርጦ ለመላክ ሲያስብ በሩ ላይ የተለጠፈው መስፈርት ይህ ነበር።

አራት ቀን፣ ከዚያም ስድስት ወር

በ1965 ዓ.ም. ኢሠአማ 167 ማኅበራትና ወደ 80 ሺህ አባላት ነበሩት። ቁጥሩ ለዚያ ዘመን ቀላል አይደለም። ሆኖም መደራጀት ከሚፈቀድላቸው ሠራተኞች ሲታይ 30 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ድክመቱንም መደበቅ አያስፈልግም። ማዕከሉ የየቦታው ማኅበራት ስብስብ እንጂ አንድ አካል አልነበረም። ገንዘቡ ያንሳል። የጎደለ ሒሳብ፣ የተጭበረበረ ምርጫ፣ በዘርና በአካባቢ ማዳላት ነበረበት። ይህን የምለው ዛሬ ስለዚያ ዘመን ሲጻፍ ማኅበሩ ንጹሕ፣ መንግሥት ብቻ ክፉ ተደርጎ ስለሚቀርብ ነው።

ቢሆንም በየካቲት 1966 ያ ደካማ የተባለው ማኅበር አገሪቱን አቆማት። የካቲት 28 አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አራት ቀን ቆየ። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል፣ የሠራተኛ ሕጉ መሻሻል፣ የመንግሥት ሠራተኛ የመደራጀት መብት ከጥያቄዎቹ መካከል ነበሩ። እነዚህን ጥያቄዎች እንደገና አንብቧቸው። ሁለቱን ዛሬም እየጠየቅናቸው ነው።

ለምናባዊው ፓርቲ ከሁሉም የተሻለው የልደት ወቅት ይህ ነው። ከየካቲት 1966 እስከ መስከረም 1967 አሮጌው ሥርዓት ተንገዳግዷል፤ አዲሱ ገና አልጸናም። ስለ አዲስ ሕገ መንግሥት ይወራል። ማኅበሩ አገር አቀፍ አድማ መርቶ አቅሙን አሳይቷል። አባላት አሉት። መሪዎቹ ይታወቃሉ። የጎደለው ምን ነበር?

አንደኛ፣ ገንዘብ። በየቦታው የሚሰበሰበው መዋጮ ማዕከሉ አይደርስም። ሁለተኛው ለኔ ይበልጣል። በዚያን ወቅት በሠራተኛው ስም የሚጽፈውና የሚናገረው ብዙው ሠራተኛ አልነበረም። ተማሪው ነበር። ሁለቱ የግራ ድርጅቶች፣ ኢሕአፓም መኢሶንም፣ የወዛደሩን ነገር አንስተው የማይጠግቡ ነበሩ። መሪዎቻቸው ግን የመጡት ከዩኒቨርሲቲና ከውጭ አገር የተማሪ ማኅበራት ነው። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም፤ ብዙዎቹ በሕይወታቸው ከፍለዋል። ነገር ግን ሁለቱም ማኅበሩን የፈለጉት ለራሳቸው ድርጅት እግር እንዲሆን ነው። ማኅበሩ የራሱን ፓርቲ እንዲወልድ የሠራ አልነበረም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ደርግ ሥልጣን በያዘ በቀናት ውስጥ የኢሠአማ ጉባኤ ወታደራዊውን መንግሥት አልቀበልም፣ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ። ከድርጅቶች መካከል ይህን በግልጽ ለማለት የመጀመሪያው ነበር። ፕሬዚዳንቱ በየነ ሰሎሞንና ሌሎች መሪዎች ወዲያው ታሰሩ። ክፍተቱ ስድስት ወር ከምናምን ብቻ ቆየ።

«ፋብሪካው የእናንተ ነው»

ጥር 26 ቀን 1967 ደርግ ትልልቅ ኢንዱስትሪዎችን ወረሰ። ኤች ቪ ኤም አብሮ ተወረሰ። ወንጂ፣ ሸዋ፣ መተሐራ የመንግሥት ሆኑ።

ብዙ ሰው ይህን ለሠራተኛው ድል አድርጎ ነው የሚተርከው። በእርግጥ የሆላንዱ አለቃ ሄደ። ለማኅበር ግን ከባዱ ነገር ያኔ መጣ ብዬ አምናለሁ። ከጥር በፊት የወንጂ ሠራተኛ ከኩባንያው ሲጣላ መንግሥት ቢያንስ በወረቀት ሦስተኛ ወገን ነበር። አቤት የሚባልበት ነበር። ከጥር በኋላ አሠሪውም፣ ቤት ሰጪውም፣ ፖሊሱም፣ ዳኛውም አንድ ሆኑ። ደመወዝ ይጨመርልን ያለ ሰው «ፋብሪካው እኮ የእናንተ ነው፣ ማንን ነው የምትቃወሙት?» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው የማኅበር መሪ አላጋጠመኝም። መልስ ቢኖረውም መናገሩ ያስፈራው ነበር።

ከዚያ የሆነው በፍጥነት ነው። ግንቦት 11 ቀን 1967 የኢሠአማ ጽሕፈት ቤት ተዘጋ፤ ምክንያቱ ማኅበሩ እንደገና መደራጀት አለበት የሚል ነው። በታኅሣሥ 1968 ማኅበሩ ፈረሰ። በ1969 መላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር፣ መኢሠማ፣ ተተካ። 1,341 መሠረታዊ ማኅበራትና 287 ሺህ አባላት ነበሩት። ከቀድሞው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው! በቁጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ያንጊዜ እንደተደራጀ በሌላ ጊዜ አልተደራጀም ሊል ይችላል።

መሪዎቹን ግን ተከተሉ። የመኢሠማ የመጀመሪያ ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለ በዚያው በ1969 ተገደለ። በ1970 መንግሥት ሥራ አስፈፃሚውን በሻጥርና በሥልጣን መባለግ ከስሶ አነሳው። በ1974 አዲስ አዋጅ ወጣ፤ በሰኔ ወር በተደረገው ጉባኤ አመራሩ አንድ ጊዜ ደግሞ ተቀየረ። ከ1967 ጀምሮ ብንቆጥር በስምንት ዓመት ውስጥ የማኅበሩ ላይኛው አመራር አራት ጊዜ ተነቅሏል። ታች ያለው ሠራተኛ ሁሌም አለ። መዋጮው ይቆረጣል። መካከል ላይ ያለው፣ የተመረጠው፣ የሚታመነው፣ ሒሳብ የሚያውቀው፣ ከሥራ አስኪያጅ ጋር መከራከር የለመደው ሰው ግን ይጠፋል። ወይ ይታሰራል፣ ወይ ይገደላል፣ ወይ ይሸሻል። ወይ ደግሞ ብልህ ሆኖ ዝም ይላል። ፓርቲ የሚሠራው ይህ መሀሉ ላይ ያለ ሰው ነው።

ኢሠፓ የመጣው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው። በታኅሣሥ 1972 አደራጅ ኮሚሽኑ፣ ኢሠፓአኮ፣ ተቋቋመ። በ1977 መባቻ፣ በአሥረኛው የአብዮት በዓል ሰሞን፣ ፓርቲው ታወጀ። ፖሊት ቢሮው 11 አባላት ነበሩት። ሰባቱ የደርግ ቋሚ ኮሚቴ አባላት የነበሩ ናቸው። የሠራተኞች ፓርቲ ጫፍ ላይ የተቀመጡት በብዛት መኮንኖች ነበሩ። ማኅበሩ ፓርቲውን አልወለደም። ፓርቲው ራሱ ከመንግሥት ተወልዶ ማኅበሩን ልጅ አደረገው። በ1982 ኢሠፓ ስሙን ሲቀይር «ሠራተኞች» የሚለውን ቃል ጥሎት ሲሄድ የከፋው ሠራተኛ ነበር ብዬ አላስብም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። አዳማ ውስጥ ስለ ሠራተኛ ፓርቲ ጨዋታ ስታነሱ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ፊቱ ይጨልማል። ፍትሕ የሚጠላ ሆኖ አይደለም። «ሠራተኛ» እና «ፓርቲ» የሚሉት ቃላት አንድ ላይ ሲጠሩ የሚመጣበት ትዝታ ቀበሌ፣ ስብሰባ፣ የግዴታ መዋጮ፣ ብሔራዊ ውትድርና ነው። የፍራንኮው ምናባዊ ጽሕፈት ቤታችን ሰሌዳ ሲሰቅል የመጀመሪያው ተቃዋሚው ይህ ትዝታ ይሆናል።

አዲሱ ማኅበር፣ አሮጌው መቀስ

ከ1983 በኋላ ፓርቲ ተፈቀደ። የሠራተኛ አዋጁ በ1985 ወጣ። የዛሬው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ በ1986 ተቋቋመ። ሦስቱ የተገጣጠሙበት ጊዜ ስለሆነ በወረቀት ላይ ከየካቲት 66ቱ የተሻለ ዕድል ነበር። ወዲያው የመዋቅር ማስተካከያው መጣ፤ የመንግሥት ድርጅቶች ሠራተኛ መቀነስ ጀመሩ። የኢሠማኮ ፕሬዚዳንት ዳዊ ኢብራሂም ተቃወሙ። በ1987 የኮንፌዴሬሽኑ ምዝገባ ተሰረዘ። በ1989 በሌላ አመራር እንደገና ተቋቋመ። ርዕዮቱ ተገልብጦ ከሶሻሊዝም ወደ ገበያ ሄደ፤ የተቆረጠው ግን ያው መሀሉ ነው።

ወንጂ ራሷ በዚህ ዘመን ተለወጠች። ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ተዘግተው በ2005 ዓ.ም. ገደማ ዶዶታ ላይ የተሠራው አዲሱ ፋብሪካ ተተካ። አገዳው የሚመጣው ከፋብሪካው እርሻ ብቻ አይደለም፤ በኅብረት ሥራ ከተደራጁ የአካባቢው ገበሬዎችም ነው። ስለዚህ ዛሬ ወንጂ ላይ ስለ አገዳ ዋጋ የሚጨነቅ ገበሬም አለ፤ ስለ ደመወዝ የሚጨነቅ ሠራተኛም አለ። ፍላጎታቸው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ምናባዊው ፓርቲ ሁለቱንም ልያዝ ካለ ገና ከመጀመሪያው ስብሰባ ጭቅጭቅ ይገጥመዋል።

ከሌላ አገር ሁለት ቃል

አፍሪካ ውስጥ ከማኅበር ፓርቲ መውጣቱ ብርቅ አይደለም። ዛምቢያ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንግረስ መሪ ፍሬደሪክ ቺሉባ እ.ኤ.አ. በ1991 ፕሬዚዳንት ካውንዳን በምርጫ አሸነፈ። ዚምባብዌ ውስጥ የማኅበራቱ ዋና ጸሐፊ ሞርጋን ጻንጊራይ የመራው ኤምዲሲ የተባለ ፓርቲ በ1999 ተመሥርቶ፣ በዓመቱ ለምርጫ ከቀረቡት 120 መቀመጫዎች 57ቱን ወሰደ። ናይጄሪያም ከማኅበራት የወጣ ሌበር ፓርቲ አላት።

ከነዚህ የዛምቢያው ይገርመኛል። ከመዳብ ማዕድኑ የተነሳ ማኅበር፣ እንደ ወንጂ ቤቱም ሆስፒታሉም የአሠሪው በሆነበት ከተማ ያደገ፣ በአንድ ፓርቲ ዘመን እንኳ መሪዎቹ ታስረው ተፈተው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ልዩነቱ እዚህ ነው። እኛ ጋ የታሰረ አልተመለሰም። የቺሉባ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ማዕድኑን ወደ ግል አዛወረ፤ ብዙ ሠራተኛ ከሥራ ወጣ። ከማኅበር መምጣት ለሠራተኛ መቆምን ዋስትና አይሰጥም። ይህንንም ምናባዊው ፓርቲያችን ደንቡን ሲጽፍ ያስብበት።

ዛሬ ቢሞከር

ሕጉን እንይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ፣ ቁጥር 1162፣ ለክልላዊ ፓርቲ 4 ሺህ፣ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10 ሺህ መሥራች አባላት ይጠይቃል። አገር አቀፍ ከሆነ ከአንድ ክልል ከ40 በመቶ በላይ መሆን አይችልም። ቀሪው ቢያንስ ከአራት ሌሎች ክልሎች፣ ከእያንዳንዱ ቢያንስ 15 በመቶ መምጣት አለበት። ይህን ወደ ሰው ቁጥር ስቀይረው ከኦሮሚያ እስከ 4 ሺህ፣ ከአራት ሌሎች ክልሎች አንድ ሺህ አምስት መቶ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው።

ይህ ለአንድ ፋብሪካ ማኅበር ተራራ ይመስላል። ግን የስኳርን ካርታ ዘርጉት። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ፊንጫ ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። ከሰምና ተንዳሆ አፋር ናቸው። ጣና በለስ ያለው አማራ ክልል በኩል ነው። ኦሞ ኩራዝ ደቡብ ኢትዮጵያ ነው። አራት ክልል ሞላ። አንድ ይቀራል። አምስተኛውን ማን ያመጣዋል?

ቆራጩ። ከከምባታና ከሐዲያ የሚመጣው ሰው ቤቱ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ከሁሉ በታች ያለው፣ በካቦ ስም ዝርዝር የሚገባው፣ የአገዳ ቆረጣው ዘመቻ ሲያልቅ የሚሸኘው ሰው ነው ፓርቲውን አገር አቀፍ የሚያደርገው። ይህን ሳሰላ ራሴም ደነገጥሁ። ምክንያቱም በየዘመኑ ማኅበሩን ያቆመው ቋሚው ሠራተኛ ነው። መካኒኩ፣ ጸሐፊው፣ የፋብሪካው ሰው። ቋሚው መዋጮው ከደመወዙ ይቆረጣል፣ ስብሰባ ይመጣል፣ ይመረጣል። ጊዜያዊው ይመጣል፣ ይሄዳል።

ዛሬ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ሊያቋቁም ይችላል ይላል። የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም ይወስናል ይላል። ወለሉ ግን ዛሬም አልተወሰነም። ሕገ መንግሥቱ ለመንግሥት ሠራተኛው ጭምር የፈቀደው የመደራጀት መብትም እንዲሁ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። በ2015 ዓ.ም. ኢሠማኮ ለሜይ ዴይ ሊጠራው የነበረው ሰልፍ ፈቃድ አጥቶ ሳይካሄድ ቀርቷል። በሌላ በኩል ኮንፌዴሬሽኑ ለዓመታት ሲጮኽበት የነበረው የሥራ ግብር ጉዳይ ተንቀሳቅሷል፤ ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር በ2017 መጨረሻ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ፓርቲ ሳይኖረው በውትወታ ያገኘው ነው። «ታዲያ ፓርቲ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ቢነሳ ክርክሩ ባዶ አይደለም። የኔ መልስ ግብሩን ለማስቀነስ ስንት ዓመት እንደፈጀ መቁጠር ነው።

አዳማ ራሷስ? የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ተመርቋል። ልብስ የሚሰፉት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ደመወዙ ከቤት ኪራይ ስለማያልፍ ብዙዎቹ አይቆዩም። ባጃጅ ነጂው ተደራጅቷል፤ የሱ ማኅበር ግን የስምሪትና የተራ ማኅበር ነው፣ አሠሪ የለውም የሚጣላው። ምናባዊው ፓርቲ ወንጂ ላይ ብቻ ተቀምጦ አዳማን አያሸንፍም። ከእነዚህ ሁለት ዓይነት ሰዎች ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ማግኘት አለበት፤ የሁለቱ ኑሮ ደግሞ ከስኳር ሠራተኛው ኑሮ በጣም ይለያል።

እኔ ግን ፓርቲውን ከቆራጩ ነው የምጀምረው። እዚያ ያለው ችግር የሚጨበጥ ነው። አገዳ በክረምት አይቆረጥም። ዝናቡ ሲገባ ቆራጩ አገሩ ይገባል፤ ከደመወዙ የሚቆረጥ መዋጮ የለም፣ ምክንያቱም ደመወዝ የለም። መታወቂያው ሐዲያ ነው፣ ሥራው ወንጂ ነው። አባልነቱ የትኛው ወረዳ ይመዝገብ? በክረምት ድምፁ ይታገድ ወይስ ይቀጥል? የማኅበር ደንብ ይህን አያውቀውም፤ እድር ግን ያውቀዋል። የገጠር እድር አዝመራ እስኪገባ የሚታገስ መዋጮ አለው፤ ራቅ ብሎ የሚሠራ አባል ቤተሰቡ ሲወክለው ይቀበላል። ስለዚህ የደንቡ አንቀጽ አንድ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ ዘመቻ ላይ አንድ ቀን የቆረጠ ሁሉ ለዓመት አባል ነው፤ መዋጮውን የሚከፍለው ሲቆርጥ ነው፤ ክረምት ላይ የሚሰበሰበው ጉባኤ አዳማ ሳይሆን ሆሳዕና ይሆናል።